የጎጃም ደጋ አገር በቀል ዓሦች በቤት ውስጥ ገንዳ

አገር በቀል ዓሦችን በቤት ውስጥ አብሮ ማኖር ማለት በአንድ አካባቢ ወንዝና ሐይቅ በተፈጥሮ የሚገኙ የተለያዩ ዝርያዎችን በአንድ የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ መንከባከብ ነው። በጎጃም ደጋ፣ ማለትም በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፣ ጨሞጋንና ተምጫን የመሳሰሉ ወንዞች ከጮቄ ተራሮች ተነስተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ ጣና ሐይቅ ይገኛል። የእነዚህ ውሆች ዓሦች በሙሉ ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖሩ ናቸው። የትኞቹ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚወስኑትም በዋናነት የውሃው ዓይነት፣ የአፋቸው ስፋትና የሚስማማቸው ሙቀት ናቸው።

የውሃው ጨውነት

በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው ይገኛል። የወንዝ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፊል ጨዋማ ውሃ ይባላል።

በወንዝ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከከበበው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ በስንጥቡና በቆዳው በኩል ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል። ዓሣው ትርፉን በቀጭን ሽንት ያስወጣል፤ የጎደለውን ጨው ደግሞ በስንጥቡ ከውሃው ይሰበስባል። የባሕር ዓሣ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ውሃ ስለሚያጣ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው ያስወግዳል። ብዙ ዝርያዎች ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ብቻ የሚችሉ በመሆናቸው የጎጃም ወንዝ ዓሣ ያለበትን ገንዳ በቋሚነት ጨው ማድረግ ይጎዳዋል። የጨው ውሃ ለአንዳንድ የቆዳ ጥገኛ ሕዋሳት ለአጭር ጊዜ መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል እንጂ መኖሪያ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ጨዋማ ውሃን የለመዱ አገር በቀል ዓሦች ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ በአፋር ክልል የሚገኘው አፍዴራ (አፍሬራ) ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዳርቻው ባሉት ፍል ውሆች አካባቢ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የተባለ የቆሮሶ ዘመድና እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ የተገለጸ አንድ ትንሽ ዓሣ አብረው ይኖራሉ። እነዚህ ከሙቅና ጨዋማ ውሃ ጋር የተስማሙ ስለሆኑ ከደጋ ዓሦች ጋር በአንድ ገንዳ ሊቀመጡ አይችሉም።

የአካባቢው ዓሦች

ጋራ፦ በአገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ፈጣን ጅረትን የሚቋቋም ትንሽ ዓሣ ነው። ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ የገለጹት ጋራ ደምበጫ የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከደምበጫ ነው።

ትንንሽ ባርቦች፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያልፉ ሲሆኑ በቡድን ይዋኛሉ።

ነጭ ዓሣ (ላቤኦባርበስ)፦ በጣና ሐይቅ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን ይበላሉ።

ቆሮሶ (የዓባይ ቲላፒያ)፦ ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ወንዱ በእርባታ ወቅት ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ የቀረበውንም ያባርራል።

አምባዛ፦ ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚስብበት ልዩ አካል አለው። ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ በሌሊት ያድናል።

አብረው የሚስማሙና የማይስማሙ

ዋናው መመሪያ ወደ ሌላው አፍ ሊገባ የሚችል ዓሣ አብሮ እንዳይቀመጥ ነው። የነጭ ዓሣ ጥርስ በመንጋጋው ላይ ሳይሆን በጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ያደነውን ሳይቆርጥ እንዳለ ይውጠዋል። ትንንሾቹ ባርቦች በጣናም ቢሆን የእነዚህ አዳኞች ምግብ ናቸው። አምባዛ በጫጩትነቱ ከሌሎች ጋር የሚስማማ ቢመስልም አድጎ ጎረቤቶቹን ይጨርሳል። ቆሮሶና ነጭ ዓሣም ለቤት ገንዳ ከመጠን በላይ ያድጋሉ።

ለቤት የሚመቸው ጥምረት ጋራና ትንንሽ ባርቦች ናቸው። ጋራ ወለሉንና ድንጋዩን፣ ባርቦች ደግሞ መሐሉን ስለሚይዙ ለቦታ አይሻሙም። ባርቦች ብቻቸውን ሲሆኑ ስለሚደነግጡ ቢያንስ ስድስት ሆነው ቢቀመጡ ይመረጣል።

ከፍታና ቅዝቃዜ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ በ2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ወለል ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቆላ ከተማ ለአሥር ዓሦች የሚበቃ ገንዳ እዚህ ላይበቃ ይችላል። በተለይ ፈጣን ጅረት የለመደው ጋራ የአየር ፓምፕ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ውሃ በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

የሌሊቱ ብርድም ሌላው ችግር ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ በመሆኑ ውሃው ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ምግብ መብላቱን እየተወ ይሄዳል። የደጋ ጅረት ዓሦች ቅዝቃዜን በተሻለ ይቋቋማሉ።

ገንዳውን ማዘጋጀት

100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በመሆኑም ማስቀመጫው ጠንካራ መሆን አለበት። ወለሉ በታጠበ ጠጠርና ለስላሳ ድንጋይ ይሸፈናል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክዳን በሌለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር ይኖርበታል። ጋራ እርጥብ መስታወት ላይ መውጣት ስለሚችል ገንዳው መከደን አለበት።

ከዓሦች የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በአዲስ ገንዳ ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን መቀየር በቂ ነው።

ዓሣውን ማምጣትና አለመመለስ

በወንዝ ዳር በብርብራ ፍሬ ዱቄት የተያዘ ዓሣ ለገንዳ አይሆንም፤ መርዙ የዓሣውን አተነፋፈስ ያውካል፣ በአካባቢው ያሉትንም ጫጩቶች ይገድላል። በትንሽ ወንፊት መረብ ጥቂት ዓሦችን ብቻ መያዝ ይሻላል። ዓሣ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ስለሆነ አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ያስፈልጋል።

ክረምት መያዣ ወቅት አይደለም። ብዙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በዚያን ጊዜ እንቁላል ለመጣል ግልገል ዓባይንና ጉማራን ወደመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ በመረብ ስለሚጠመዱም የጣና ነጭ ዓሣ ክምችት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል።

በገንዳ የቆየ ዓሣ ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም። የጣና ነጭ ዓሦች ከታችኛው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይተው ስለኖሩ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዝርያዎች ሆነዋል። አንድ ባልዲ ዓሣ ከጣና ወደ ጨሞጋ፣ ወይም ከጨሞጋ ወደ ጣና ቢሻገር በሽታና የዘር መደባለቅ ሊያስከትል ይችላል። ባለቤቱ ማቆየት ካልቻለ ዓሣውን ለሌላ አኖሪ ወይም ለትምህርት ቤት ገንዳ ማስተላለፍ ይመረጣል።