ሱቁ በሦስት ቁልፍ፣ ኮምፒዩተሩ በስንት?

ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ በሩን ይቆልፋል፣ በላዩ ላይ ጓጉንቸር ይደርባል፣ ለዘበኛውም «አደራ» ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ግን ያ ሁሉ የተቆለፈ ሱቅ ሳሎን ውስጥ ይዘረገፋል። የዱቤ መዝገቡ፣ የአቅራቢዎቹ ዋጋና ለጨረታ ያሰናዳው ሰነድ ሁሉ እዚያው ናቸው። እራት ቀርቦ ሲነሳ ስክሪኑ እንደተከፈተ ይቀራል። ልጅ ለጨዋታ፣ እንግዳ ፎቶግራፍ ለማየት ይቀመጥበታል።

ለደላላ ነገሩ ይብሳል። ደላላ መጋዘንም ዕቃም የለውም፤ ካፒታሉ ማን እንደሚሸጥ፣ ማን በስንት እንደሚገዛ ማወቁ ነው። የስልክ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ገልብጦ ከሄደ ምንም ነገር ሳይሰበር ገበያው ተወስዷል ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስክሪኑ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ የተቆለፈ እየመሰላቸው ነው። መጥፋትና መቆለፍ ግን የተለያዩ ናቸው። በዊንዶውስ 10 እና 11 «ሴቲንግስ» ውስጥ «አካውንትስ»፣ ከዚያም «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» ሲከፈት፣ ባለቤቱ ቆይቶ ሲመለስ የይለፍ ቃል ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚል ምርጫ ይገኛል። እዚያ ላይ «ኔቨር» የሚለው ከተመረጠ ከእንቅልፉ የነቃ ኮምፒዩተር ለማንም ይከፈታል። በስክሪን ሴቨር በኩልም ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ እንዲቆለፍ ማድረግ ይቻላል፤ ለቤት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከወንበር ሲነሱ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ፊደል ጋር መጫን ወዲያውኑ ይቆልፋል።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ የቀድሞው ምክር ተለውጧል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የይለፍ ቃልን ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ሰው ቀይር ሲባል በመጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ያልፋልና ነው። የሚሻለው ርዝመት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ከልጅ ስምና ከስልክ ቁጥር የበለጠ ያስተማምናሉ። ፒን የተባለው አጭር ቁጥር የሚሠራው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ስለሆነ በሩቅ ላለ ሌባ አይጠቅምም። ጣት እያየ ለሚያጠና የቤት ሰው ግን አጭር ቁጥር ቀላል ነው። መፍትሔው ለልጆች የየራሳቸውን አካውንት መክፈት ነው፤ ያኔ ጨዋታውም ሒሳቡም በየቦታው ይቀመጣል።

አንድ የአገር ቤት ችግርም አለ። የኪቦርዱ ቋንቋ ወደ አማርኛ ተቀይሮ ከቆየ ትክክለኛው የይለፍ ቃል «ስህተት» ሊባል ይችላል። ደጋግሞ ከመሞከር በፊት በመግቢያው ገጽ ጥግ ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት ያስፈልጋል።

ቁልፉም ቢሆን ወሰን አለው። ሌባ ኮምፒዩተሩን ይዞ ከሄደና ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ማሽን ጋር ካገናኘው፣ በምስጢር ኮድ ያልተቀየረ ፋይል ያለ ይለፍ ቃል ይነበባል። ይህን የሚከላከለው እንደ ቢትሎከር ያለ ዲስኩን የሚያመሰጥር ፕሮግራም ነው። የቢትሎከር ማስመለሻ ቁልፍ 48 አሃዝ አለው። እሱን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ የካዝናን ቁልፍ ካዝናው ውስጥ እንደመቆለፍ ነው። አትሞ ከቤት ካርታና ከውል ሰነዶች ጋር ማኖር ይበጃል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባን ይቀጣል። ሕጉ የሚደርሰው ግን ዋጋው ከታወቀና ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሱቁን ሦስት ጊዜ የሚቆልፍ ነጋዴ ለዚህኛው የሚያወጣው ገንዘብ የለም፤ የሚጠየቀው የአንድ ምሽት ጥቂት ደቂቃ ነው።