የአዞ ቆዳ ቦርሳ፦ ማልፋት ያጠራዋል፤ ግን ከየት መጣ?



ጋምቤላ ከተማ የሚነግድ አንድ ወንድም በቅርቡ ደውሎልኝ ነበር። ከባሮ ወንዝ ዳር የመጣ የአዞ ቆዳ በርካሽ ቀርቦለታል። አዲስ አበባ ወስዶ በእጅ የሚሰፋ የሰነድ ቦርሳ ሊያሠራበትና ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሊሸጠው አስቧል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኡስታዝ፣ አዞ አይበላም ይባላል፤ ታዲያ ቆዳው ነጃሳ አይሆንም ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ስለ ቆዳ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ንጹሕ ነው ወይ? በምን መንገድ ተገኘ?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጦሃራ

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሞተች በግ አይተው፣ ባለቤቶቿ ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። በክት መሆኗ ሲነገራቸውም የተከለከለው መብላቷ እንደሆነ አስረዱ። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስም ቆዳ ሲለፋ እንደሚጠራ ተናግረዋል።

ከዚህ ተነስተው የሻፊዒይ ዑለማዎች ከውሻና ከአሳማ በስተቀር የለፋ ቆዳ ሁሉ ይጠራል ይላሉ። ሐነፊዮች ዘንድ ከእንስሳት የማይጠራው የአሳማ ነው። በታወቀው የማሊኪያ አቋም የበክት ቆዳ በማልፋት ሙሉ በሙሉ ባይጠራም ለደረቅ ነገር ይፈቀዳል፤ የሐንበሊዮች የታወቀው አቋም ደግሞ የበክት ቆዳ በማልፋት አይጠራም የሚል ነው። የአውሬ ቆዳ መነጠፍን የሚከለክል ሐዲስም ስላለ ዑለማዎች ስለ ነብርና መሰሎቹ ቆዳ በተለይ ተነጋግረዋል። ስለዚህ ወንድማችን ሻፊዒይ ወይም ሐነፊይ ከሆነ ከጦሃራ አንጻር የለፋው የአዞ ቆዳ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አመጣጡ

ማልፋት ሽታውንና እርጥበቱን ያስወግዳል። ቆዳው የተገኘበትን መንገድ ግን አይለውጠውም። የተሰረቀ በግ ቆዳ የቱንም ያህል ቢለፋ የተሰረቀ ነው።

በአገራችን የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመራ አዋጅ አለ። ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ በዱር እንስሳት ውጤት መነገድ በዚህ ሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። ይህ ለአዞ ብቻ ሳይሆን ለዘንዶና ለአርጃኖ ቆዳም ይሠራል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት የናይል አዞ በአንድ ጊዜ እስከ ሃምሳና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን አርጃኖ፣ ወፍና ሌላ አውሬ ይበላዋል። የተረፈችውም ለመራባት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። አዳኝ ለትልቅ ቆዳ ሲል የሚገድለው ታዲያ ይህችኑ ለመራባት የደረሰችውን ነው። ወንዙ የጋራ ሐብት ነው፤ አንዱ ለራሱ ሲሸጠው የሌላውን ሐቅ ይነካል።

ሕጋዊው መንገድ ምን ይመስላል?

ለዚህ የሚታወቀው የአገራችን ምሳሌ እ.ኤ.አ በ1984 የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ነው። እንቁላሎችና ጫጩቶች ከሐይቅ ዳር ተሰብስበው በጣቢያው ያድጋሉ፤ ቆዳቸውም በሕጋዊ መንገድ ይወጣል። አብዛኛው እንቁላል በዱር ቢቀር ስለሚጠፋ የተወሰነውን መውሰድ ትልልቆቹን እንደመግደል አይጎዳም።

ለውጭ ሽያጭ ደግሞ ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ስምምነቱ ከ1975 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሥራ ላይ ሲሆን ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ ገብታበታለች። በዚህ መሠረት ወደ ውጭ የሚላክ የአዞ ቆዳ የአገሩ መለያ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ዓመትና ተከታታይ ቁጥር ያለበት፣ ከተፈታ ዳግም የማይታሰር የፕላስቲክ ምልክት ይደረግበታል። ከዚህ ጋር የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ቆዳው ቦርሳ ከሆነ በኋላም ለንግድ ሲላክ ፈቃድ ይጠየቅበታል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ቃል ኪዳኖችን እንድንሞላ አዟል፤ አገር የገባችው ስምምነትም ዜጋውን ይመለከታል።

ገዢ ምን ያረጋግጥ?

አንደኛ፣ ቆዳው ገና ሳይቆረጥ ምልክቱን ይይ። ባለሙያው ከቆረጠው በኋላ ምልክቱ ከቆዳው ስለሚለይ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ማስመዝገብ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ይጠይቅ። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የለውም።

ሦስተኛ፣ ከማጭበርበር ይጠንቀቅ። የከብት ቆዳ ላይ የአዞ ቅርጽ ታትሞ እንደ አዞ ይሸጣል። የታተመው ቅርጽ እየተደጋገመ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የእውነተኛው ቅርፊት ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። የናይል አዞ ቅርፊት ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ትታያለች። የታተመን ቆዳ «አዞ ነው» ብሎ መሸጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥቡን ባወጡ ጊዜ ያወገዙት ዓይነት ማታለል ነው።

ወንድማችን ተመልሶ ወረቀቱን ጠየቀ። ሻጩ ወረቀት አላመጣም፤ ዋጋውን ግን በግማሽ ቀነሰለት። ያኔ ራሱ ገብቶት ቀብዱን ሳይከፍል ተወው። ቦርሳውን በአገራችን የበግና የፍየል ቆዳ ሊያሠራ ወስኗል። ደንበኛው ይቀበለው እንደሆነ ገና አላወቀም፤ ሪዝቅ ግን ከአላህ ነው።

ወላሁ አዕለም።