ጁሴፔ ሞታ፦ ገለልተኛው ሚኒስትርና የኢትዮጵያ ጥያቄ

ጄኔቫ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተካደው ቃል ኪዳን ተናገሩ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። የዚያን ቀን ተናጋሪ ሁሉም ያውቃል። አስተናጋጇ አገር በዚያ ጦርነት ምን አቋም እንደነበራትና አቋሟን የቀየሰላት ማን እንደሆነ ግን ብዙም አይነሣም።

ሰውየው ጁሴፔ ሞታ ናቸው። 28 ዓመት በስዊዘርላንድ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሃያው የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ነው። ትንሽ አገር በኃያላን መካከል እንዴት እንደምትራመድ፣ በየመንገዱም ምን እንደምትጥል ማየት ለሚፈልግ ከሞታ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ አገሪቱ አመራር አንድ ነገር መጨበጥ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ እንደ ሌላው አገር አንድ መሪ የላትም። የመንግሥቱ ቁንጮ ሰባት ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት ነው። ሰባቱን የሚመርጧቸው ሁለቱ የፓርላማ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሚኒስቴር ይይዛሉ። ውሳኔ የሚተላለፈው በጋራ ነው፤ በውስጥ የተቃወመውም ሰው በአደባባይ ሲወጣ ውሳኔውን ይከላከላል። ፓርላማው አንዴ ከመረጣቸው የሥራ ዘመናቸው እስኪያልቅ በመተማመኛ ድምፅ አያወርዳቸውም። ፕሬዚዳንትነት ደግሞ በየዓመቱ ከሰባቱ አንዱ ጋ የሚደርስ ተራ ነው። ተረኛው ስብሰባ ይመራል፣ እንግዳ ይቀበላል፤ ሚኒስቴሩን ግን አይለቅም። ስለዚህ ሞታ በ1915፣ በ1920፣ በ1927፣ በ1932 እና በ1937 ፕሬዚዳንት ነበሩ ሲባል አምስት ጊዜ ሥልጣን ይዘው አምስት ጊዜ ወረዱ ማለት አይደለም። ተራው አምስት ጊዜ ደረሳቸው ማለት ነው። ከሰባቱም በላይ ሕዝቡ አለ፦ ሕገ መንግሥት በሚነካ ጉዳይ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፣ መንግሥትንም ያሸንፋል።

ሞታ የተወለዱት ዲሴምበር 29 ቀን 1871 በአይሮሎ ነው። አይሮሎ በጎታርድ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ ያለች፣ ጣሊያንኛ የሚነገርባት የቲቺኖ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) መንደር ናት። እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የባቡር ዋሻ ቁፋሮ ተጀመረ። አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1882 ሲከፈት ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ነበር። በመሀሉ፣ በ1877፣ መንደሯ በእሳት ወድማለች። አባታቸው የእንግዳ ማረፊያና የመጓጓዣ ሥራ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ በፈረስ ጋሪ ተራራውን መሻገር ቀረ። ሞታ ያደጉት እንግዲህ ሰሜንና ደቡብ አውሮፓ በሚገናኙበት በር ላይ ነው። ሕግ ያጠኑትም ከፍሪቡርግ ጀምረው በሙኒክና በሃይድልበርግ ሲሆን ዶክትሬታቸውን ይዘው ለጥብቅና ወደ አይሮሎ ተመለሱ። ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ አቀላጥፈው መናገራቸው በኋላ ትልቁ ሀብታቸው ሆነ።

የቲቺኖ ፖለቲካ ያን ጊዜ የዋዛ አልነበረም። ሞታ የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በ1890፣ ሊበራሎች በካቶሊክ ወግ አጥባቂው የካንቶኑ መንግሥት ላይ መሣሪያ አንሥተው አንድ የመንግሥት አባል ተገድሏል። በአገር ደረጃም ካቶሊክ ወግ አጥባቂዎች በ1847ቱ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው ወገን ናቸው። ከሰባቱ መቀመጫ አንዱን ያገኙት ገና በ1891 ነበር። ሞታ የዚህ ወገን ሰው ናቸው። በ1895 የካንቶኑ ምክር ቤት አባል፣ በ1899 የብሔራዊው ምክር ቤት አባል ሆኑ። ዲሴምበር 14 ቀን 1911 በርን ላይ ከሰባቱ አንዱ ሆነው ሲመረጡ አርባ ዓመት አልሞላቸውም። ከቲቺኖ ሰው ወደዚያ መቀመጫ ሲደርስ ከ1864 ወዲህ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። የአሥር ልጆች አባትም ነበሩ።

የገንዘብ ሚኒስትርነታቸውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ገቢ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር፤ ድንበር ሲዘጋ ገቢውም ደረቀ፣ ድንበር የሚጠብቀው ሠራዊት ወጪ ግን ናረ። ሞታ በ1915 የጦርነት ግብር አቀረቡ፣ ሕዝቡም በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀው። ግብር በሕዝብ ድምፅ ማሳለፍ የፖለቲካ ሰው ችሎታ የሚፈተንበት ነገር ነው፤ ይህን ፈተና በደንብ አልፈዋል። ጦርነቱ አገሪቱን በውስጥ ከፍሏት ነበር፦ ጀርመንኛ ተናጋሪው ልቡ ወደ በርሊን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወደ ፓሪስ። በ1917 የውጭ ጉዳዩ ኃላፊ አርቱር ሆፍማን በጀርመንና በሩሲያ መካከል በድብቅ ሰላም ሊያደራድሩ ሲሞክሩ ተጋልጠው ሥልጣን ለቀቁ። ገለልተኛ ነኝ የሚል መንግሥት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ቢያዝ ምን እንደሚከፍል ሞታ በቅርብ አይተዋል።

በ1920 የውጭ ጉዳይን ሲረከቡ ጠረጴዛቸው ላይ የቆየው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ስዊዘርላንድ አዲሱን የመንግሥታት ማኅበር ትግባ ወይስ ትቅር? የማኅበሩ ቃል ኪዳን አባል አገር ሲወረር ሌሎቹ በወራሪው ላይ ማዕቀብ እንዲጥሉ ያዛል። ማዕቀብ መጣል ደግሞ ወገን መለየት ነው። መፍትሔው በፌብሩዋሪ 1920 ለንደን ላይ ተገኘ፤ የማኅበሩ ምክር ቤት የስዊዘርላንድን ልዩ ሁኔታ ተቀብሎ፣ በወታደራዊ እርምጃ እንዳትሳተፍ፣ የሌላ ጦርም በግዛቷ እንዳያልፍ ፈቀደ። በኢኮኖሚ ማዕቀብ ግን ልትሳተፍ ግዴታ ገባች። ይህች ግዴታ ትታወስ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሞታ ሕዝቡን ለማሳመን ከካንቶን ካንቶን ዞሩ። ሜይ 16 ቀን 1920 በተሰጠው ድምፅ 416,870 ሰው ሲደግፍ 323,719 ተቃወመ። የካንቶኖችም አብላጫ ያስፈልግ ነበር፤ በእነሱ ቆጠራ ግን ነገሩ በክር ላይ ነበር፦ አሥራ አንድ ተኩል ለአሥር ተኩል። አንዲት ካንቶን ብትገለበጥ ስዊዘርላንድ ጄኔቫ ላይ የሌሎችን ጉባኤ እያስተናገደች እሷ በር ላይ ትቆም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሞታ የክብር ዘመን ናቸው። በኖቬምበር 1920 የመጀመሪያውን ጉባኤ እንኳን ደህና መጣችሁ ያሉት እሳቸው ናቸው። በ1924 ጉባኤው ራሱ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው። የተሸነፈችው ጀርመን ወደ ማኅበሩ እንድትገባ በተደጋጋሚ ተከራከሩ፣ በ1926ም ገባች። ማኅበሩ ሁሉንም ካላቀፈ የአሸናፊዎች ክበብ ሆኖ ይቀራል የሚል እምነት ነበራቸው።

ይህ እምነት ግን ሞስኮ ሲደርስ ቆመ። በ1923 የሶቪየቱ ዲፕሎማት ቮሮቭስኪ ሎዛን ውስጥ ተገደሉ፤ ገዳያቸው ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ፣ ሁለቱም አገሮች ተኳረፉ። በሴፕቴምበር 1934 ሶቪየት ኅብረት ለአባልነት ስትቀርብ ሞታ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ሃይማኖትን፣ ቤተሰብንና የግል ንብረትን የሚያጠፋ ሥርዓት በዚህ ማኅበር ቦታ የለውም ሲሉ ተቃወሙ። 39 አገሮች ደገፉ። የተቃወሙት ስዊዘርላንድ፣ ኔዘርላንድና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ። ስለ ሰውየው ድፍረት የሚጠራጠር ይህን ቀን ያስታውስ። ኃያላኑ ሁሉ በአንድ ወገን ቆመው እሳቸው ግን በግብረ ገብ ስም እምቢ አሉ።

ድፍረታቸው ወደ ደቡብ ሲዞር ግን ይቀንሳል። በጁላይ 1930 ጆቫኒ ባሳኔዚ የተባለ ጸረ ፋሺስት ኢጣሊያዊ ከቲቺኖ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ ሚላኖ ላይ ወረቀት በተነ። ሲመለስ አውሮፕላኑ ጎታርድ ላይ ወደቀና ተያዘ። ሮም ተቆጣች፤ ሞታም ነገሩ ለፌዴራል የወንጀል ችሎት እንዲቀርብ አደረጉ። ችሎቱ ቀለል ያለ ፍርድ ሰጠ፣ የቲቺኖም አደባባይ ከአብራሪው ጋር ነበር። ሚዛን ለመጠበቅ ሌላውንም ልጨምር፦ በ1935 የናዚ ሰላዮች በርቶልድ ያኮብ የተባለውን ስደተኛ ጋዜጠኛ ከባዝል ጠልፈው ወደ ጀርመን ሲወስዱት፣ ሞታ በርሊንን ወጥረው ይዘው ሰውየውን አስመልሰዋል። መጠንከር ሲፈልጉ ይችሉ ነበር።

በኦክቶበር 1935 የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳለች ብሎ ወሰነ፣ ማዕቀቡም በኖቬምበር 18 ሥራ ላይ ዋለ። የ1920ዋ ግዴታ ለመክፈል ቀኑ ደረሰ።

ስዊዘርላንድ የከፈለችው በከፊል ነው። ለኢጣሊያ ብድር መስጠትንና አንዳንድ ጥሬ ዕቃ መላክን ከለከለች። ከኢጣሊያ ዕቃ መግዛትን ግን እንደ ሌሎቹ ማቋረጡን ትታ፣ የሁለቱ አገሮች ንግድ ከ1934ቱ መጠን እንዳያልፍ ማድረግን መረጠች። መሣሪያን በተመለከተ ደግሞ ለወራሪዋም ለተወራሪዋም እኩል ዘጋች። የሞታ ክርክር ሕጋዊ መሠረት ነበረው፤ በ1907ቱ የሄግ ስምምነት መሠረት ገለልተኛ አገር የመሣሪያ ንግድን ከከለከለ ለተዋጊዎቹ ሁሉ እኩል መከልከል አለበት። ወረቀቱ ላይ እንከን የለበትም።

መሬት ላይ ግን እኩል አልነበረም። ኢጣሊያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች፣ የራሷ አውሮፕላንና ታንክ ነበራት። ኢትዮጵያ ጠመንጃዋንም ጥይቷንም ከውጭ የምትገዛ አገር ናት፤ የነበሯት ጥቂት ዘመናዊ ጸረ አውሮፕላን መድፎች እንኳ የስዊዘርላንዱ ኦርሊኮን ሥራዎች ነበሩ። ለጠገበና ለተራበ ሰው እኩል ምግብ መከልከል ማንን እንደሚጎዳ ለመረዳት የሕግ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ ሞታ ደግሞ ዶክትሬቱ ነበራቸው።

ሁሉንም በእሳቸው ላይ መከመር ፍትሕ አይሆንም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ አድርገው፣ የሱዌዝ ካናልን ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ትተው ነበር። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ አንደኛው የመውጫ በሯ የኢጣሊያው ወደብ ጄኖቫ ነው። በሮም ደግሞ ቲቺኖ የኢጣሊያ ናት የሚሉ ድምፆች ይሰሙ ነበር፤ አይሮሎ የተወለደ ሚኒስትር ይህን የሚሰማበት ጆሮ ከዙሪክ ሰው ጆሮ ይለያል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖም በዚያው ሰዓት በቀይ መስቀል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ከቦምብ በታች ይሠሩ ነበር። አገር አንድ ልብ ብቻ የለውም።

ለዲሴምበር 1936ቱ ውሳኔ ግን ይህ ሁሉ ማስተባበያ አይበቃም። ማዕቀቡ በጁላይ ተነሥቷል፤ ኢትዮጵያ አሁንም የማኅበሩ አባል ናት፣ አርበኞችም ጫካ ናቸው። በዚህ መሀል የስዊዘርላንድ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ገዥነት በሙሉ ሕጋዊ እውቅና ተቀበለ። እንግሊዝ ያን መሰሉን እውቅና እስክትሰጥ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀርቷት ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም፤ ገለልተኝነትም ፈጥኖ እውቅና መስጠትን አይጠይቅም፣ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። እዚህ ላይ ሞታ የመረጡት ወገን አላቸው። ለኢጣሊያ ወረራ እውቅና አንሰጥም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በግብረ ገብ ስም ማኅበሩን አትግቢ ያሏት ሶቪየት ኅብረት ነበረች።

የቀረው ፈጥኖ ያልቃል። ሞታ ከማዕቀብ ግዴታ ነፃ ለመውጣት ተደራድረው በሜይ 1938 ማኅበሩ ስዊዘርላንድ ወደ ሙሉ ገለልተኝነት መመለሷን ተቀበለ። በ1920 ካንቶን ለካንቶን ዞረው የገነቡትን ያፈረሱት ራሳቸው ናቸው፤ በአገራቸው በዚህ ብዙ ተመሰገኑ። ጃንዋሪ 23 ቀን 1940 በሥልጣን ላይ እንዳሉ በርን ውስጥ አረፉ። መቀመጫቸውን ሌላው የቲቺኖ ሰው ኤንሪኮ ቼሊዮ ወረሱ።

እኔ ሞታን ክፉ ሰው አልላቸውም፤ ፈሪም አልላቸውም። ሕግን ለኃያል ጎረቤት ሲሆን ሰፋ፣ ለሩቅ ወዳጅ ሲሆን ጠበብ አድርገው የተረጎሙ ብልህ ጠበቃ ነበሩ። ሙሉ ገለልተኝነት ያሉት ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ1986 ሕዝቡ የተባበሩት መንግሥታት አባል እንሁን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከአራት ሦስቱ እምቢ አለ። ጄኔቫን የያዘችው አገር የዓለም ማኅበር አባል የሆነችው በማርች 2002 በተሰጠ ድምፅ ነው፤ ካንቶኖቹ ያን ጊዜም 12 ለ11 ተከፍለው ነበር።