መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ የት ይገባል?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ ካራ ቆሬ፣ ዋይፋይ ያለው ፕሪንተር የገባበት ቤት ጥቂት አይደለም። አስጠኚው ወርክሺት ያትምበታል፣ ኮንትራክተሩ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ «ኦፍላይን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ፕሪንተሩ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ፍላሽ ይዞ ፎቶኮፒ ቤት መመላለስ ይጀምራል። ሲጠሩኝ «ተበላሽቷል» ይሉኛል። ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም።

ይህ ማሽን ከሚሰደበው በላይ ክብር ይገባዋል። ያትማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ኮፒ ያደርጋል፤ ባለ ታንኩ ደግሞ በአንድ ሙሌት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን ያወጣል። ኤፕሰን ባለ ታንኩን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነበር። ካርትሬጅ መግዛት ኪሱን ላራቆተው ሰው የተሠራ ነው፤ ለእኛም ቤት ከዚህ የሚስማማ አላየሁም።

ግልጹን ቶሎ እንለፈው። ሶኬቱ ይታይ፣ ወረቀት ይኑር፣ የዋይፋይ መብራቱ ይታይ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው፣ ረግቶ ከበራ አግኝቷል።

«ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ነው» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ራውተሩ ሁለት ሥራ አለው፦ ቤቱን ከውጭው ዓለም ያገናኛል፣ በቤቱ ያሉትን መሣሪያዎችም እርስ በርስ ያገናኛል። ለማተም የሚያስፈልገው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ከላፕቶፑ ወደ ፕሪንተሩ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር። ስንቱ ቤት ይህን ባለማወቅ ፕሪንተሩን ነቅሎ አስቀመጠው! እርግጥ ነው፣ «ኤችፒ ፕላስ» በተባለው አገልግሎት የታሰሩ ሞዴሎች ከአምራቹ ጋር በኢንተርኔት መገናኘት ግድ ይላቸዋል። ሲገዙ ካርቶኑን ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋተኛ። ራውተሩ ለቤቱ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ያድላል፤ ለስልኩ 192.168.1.3፣ ለቴሌቪዥኑ 192.168.1.4፣ ለፕሪንተሩ 192.168.1.5 እያለ። ይህን የሚሠራው ዲኤችሲፒ የሚባል ሥርዓት ሲሆን ቁጥሩ የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ የጊዜ ገደብ አለው። ፕሪንተሩ መጀመሪያ ሲጫን ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር መዝግቦ ይይዛል። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ማን የትኛውን ቁጥር እንደተከራየ የሚያሳየው መዝገብ በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ስልኮቹ ባትሪ ስላላቸው ነቅተው እየጠበቁ ነው፤ ራውተሩ እንደተነሳ ቁጥራቸውን ይወስዳሉ። ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ቁልፉን ካልተጫነው አይነሳም። ዘግይቶ ሲነሳ የድሮ ቁጥሩ ተይዞ ሌላ ሊደርሰው ይችላል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚነግረው የለም። ተከራይ ቤት ለቆ ከሄደ በኋላ ደብዳቤው በድሮው በር ሥር እንደሚገባ ሁሉ፣ የሚታተመው ፋይል ወደ ድሮው ቁጥር ይላካል። እዚያ ቁጥር ላይ አሁን ያለው ምናልባት የእንግዳ ስልክ ነው። መልስ ሲጠፋ «ኦፍላይን» ይባላል፤ ፕሪንተሩ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ በርቶ ሥራ ይጠብቃል።

ወይራ ሰፈር አንዲት መምህርት ቤት ሄጄ ነበር። «ባለሙያ አስጠርቼ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ጭኖልኝ ሠርቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መለሰበት» አሉኝ።

«በመሀል መብራት ሄዶ ነበር?»

«የኔ ወንድም፣ መቼ ሳይሄድ ቀርቶ!»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ድራይቨር እንደ አዲስ ሲጫን ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ደግሞ ይፈልገዋል፤ ያገኘዋል፤ አዲሱን ቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ ይሠራል። ባለሙያውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ድራይቨሩም ባልሠራው ጥፋት ስሙ ይጠፋል። ቀጣዩ የመብራት መቋረጥ ሲመጣ ያው ድራማ፣ ያው ክፍያ። ኮምፒውተሩን ፎርማት እስከማድረግ የደረሱም አይቻለሁ፤ ይህስ ግፍ ነው።

መድኃኒቱ ቁጥሩን ማጽናት ነው። ፕሪንተሩ ስለ ራሱ የሚናገር የኔትወርክ ሁኔታ ገጽ ያትማል፤ እንዴት እንደሚታዘዝ መመሪያው ላይ አለ። ገጹ ላይ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ የአይፒ ቁጥሩና ማክ የሚባለው የማሽኑ ቋሚ መለያ። አይፒውን ኮምፒውተሩ ላይ ብሮውዘር ውስጥ ጽፈው የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ መንገዱም ክፍት ነው። ከዚያ የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ራውተሩ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይም ይጻፋል። ዲኤችሲፒ በሚለው ክፍል ማኩን ከአንድ ቁጥር ጋር ያስሩታል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በፕሪንተሩ ፖርት ውስጥ ያንኑ ቁጥር ያስገባሉ።

የታተመው ቁጥር በ169.254 ከጀመረ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ራውተሩ ምንም ስላልሰጠው ፕሪንተሩ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ሁሉንም አጥፍተው በቅደም ተከተል ያስነሱ። መጀመሪያ ራውተሩን፣ መብራቶቹ ሲረጉ ፕሪንተሩን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን። ሰዎቻችን ሦስቱን በአንድ ዲቫይደር ሰክተው በአንድ ቁልፍ ያስነሱና ራውተሩ ገና ሳይነቃ ማተም ይጀምራሉ። ምን አስቸኮላችሁ?

ጎረቤት ዋይፋያችንን ይጠቀማል ተብሎ ፓስወርድ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ስልኮቹ አዲሱ ይነገራቸዋል፣ ፕሪንተሩን ግን የሚያስታውሰው የለም፤ የድሮውን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ ይከርማል። ቪፒኤንም ሌላው ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲገደቡ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጫነ፤ ገደቡ ተነሥቶም ሳያጠፋው የቀረ አለ። ቪፒኤን እንደበራ ኮምፒውተሩ አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር ላያይ ይችላል። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ በአምስት ጊጋኸርዙ የዋይፋይ ስም እናገናኘው ብትሉ አይሆንም። የቆርቆሮ ግድግዳም ሞገዱን ይመልሰዋል።

ስለ ህትመት ወረፋው ሳልናገር አላልፍም። አልታተም ሲል ደጋግሞ «ፕሪንት» የሚጫን ሰው አለ። በተጫነ ቁጥር ፋይሉ ወረፋ ላይ ይሰለፋል፤ መንገዱ ሲከፈት ያው ማመልከቻ ተከታትሎ ይዘረገፋል፣ ከዚያም «አብዷል» ይባላል። ወረፋውን ከፍቶ ማጽዳት ነው፤ አልጠፋ ያለ ፋይል ካለ ዊንዶውስ ላይ ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት አቁሞ ማስነሳት ይበቃል።

ፕሪንተሩ ማታ ሲጠፋ ደግሞ ከራሱ ቁልፍ ይጥፋ። ቀለም የሚረጨው ራስ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ክዳኑ ሥር የሚገባው በቁልፉ ሲጠፋ ነው። ከሶኬት ከተነቀለ የሚረጨው ራስ ባለበት ክፍት ሆኖ ያድራል፣ ቀለሙ ይደርቅበታል። መብራት በድንገት ሄዶ በሥራ ላይ ካገኘውም፣ ሲመለስ አንዴ አስነሥቶ በቁልፉ ማጥፋት ነው፤ ዲቫይደሩ ከዚያ በኋላ ይነቀላል።