ከደቅ እስከ ገበያ፦ ጭነት ከማስረከብ በፊት መታየት ያለባቸው ሰነዶች

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚገኙት ደሴቶች በስፋቱ ቀዳሚው ደቅ ነው። የናርጋ ሥላሴ ገዳም መገኛ የሆነው ይህ ደሴት የአርሶ አደርም ምድር ነው፤ ነዋሪው ዳጉሳና በቆሎ ያመርታል፤ ማንጎ ያለማል። ምርቱ ራቅ ያለ ገበያ የሚደርሰው ግን ሁለት ጉዞዎችን አልፎ ነው። መጀመሪያ በጀልባ ውኃውን ተሻግሮ ባሕር ዳር ይራገፋል፤ ቀጥሎም በጭነት መኪና ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል። አርሶ አደሩ በእነዚህ ሁለት ጉዞዎች የዓመት ልፋቱን ለማያውቀው ሰው እጅ ይሰጣል።

ርክክቡ ብዙ ጊዜ በቃል ያልቃል። ደላላ መኪና ያገናኛል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ኩንታሉ ይጫናል። መኪናው የማን እንደሆነ፣ ምርመራ ማለፉንና የመድን ዋስትና እንዳለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሳው መኪናው ከተገለበጠ ወይም ጭነቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ተጠያቂውን ማግኘት ይከብዳል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሕጉ አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ሰሌዳ እንዲለጥፍና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ጭነት አስረካቢው ሊያያቸው የሚገቡ ማስረጃዎች በመኪናው ላይና በአሽከርካሪው እጅ መኖር አለባቸው።

ሰሌዳና ሊብሬ

በሥራ ላይ በቆየው የሰሌዳ ሥርዓት ኮድ 3 የንግድ ተሽከርካሪ መለያ ሲሆን ጽሑፉ አረንጓዴ ነው። ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 4 ደግሞ የመንግሥት ነው። በኪራይ ጭነት የሚሠራ መኪና የንግድ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል።

ሊብሬ የመኪናውን ባለቤት ስም፣ የሰሌዳውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይይዛል። በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጭነት መስጠት አይገባም። የሚዋዋለው ሰው ባለቤቱ ካልሆነ ደግሞ በምን ሥልጣን እንደሚዋዋል ማለትም ውክልናው ወይም የሥራ ግንኙነቱ መጠየቅ አለበት።

የመጫን አቅም

በሊብሬው ላይ የሚገኝ ሌላው ጠቃሚ መረጃ መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለት የኩንታል ብዛት ነው። 50 ኩንታል የተፈቀደለት መኪና 70 ቢጭን ከአቅሙ በላይ 2 ሺህ ኪሎ ግራም ተሸክሟል ማለት ነው። የሚከተለው ጉዳት ግልጽ ነው፤ ክብደት ሲጨምር መኪናው ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፤ ጎማና ፍሬን ይግላሉ። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በሜዳ ላይ ያልታየ የፍሬን ጉድለት የሚጋለጠው እንደዚህ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ጥቂት ኩንታል ጨምሮ የማጓጓዣ ሒሳብ ለማቃለል የሚደረግ ስምምነት ሙሉውን ምርትና የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ቦሎ፣ መድንና መንጃ ፈቃድ

በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ መኪናው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን ያሳያል፤ መታየት ያለበትም ዓመተ ምሕረቱ ነው። ቦሎ መኪናው በምርመራው ዕለት ብቁ እንደነበር ይመሰክራል እንጂ የዛሬውን ጎማ አይመሰክርም። ስለዚህ የላሸ ጎማና የማይበራ መብራት በዓይን መታየት አለባቸው።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ይህ መድን በተሽከርካሪ አደጋ ለሚጎዳ ሦስተኛ ወገን የቆመ ነው እንጂ ለተጫነው እህል ዋስትና አይደለም። ጭነቱ እንዲካስ የሚፈልግ ሰው መኪናው ለጭነት የተገባ የመድን ውል እንዳለው መጠየቅ ወይም በራሱ መግባት ይኖርበታል።

መንጃ ፈቃድም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት በምድብ የተከፋፈለ ነው። ለአነስተኛ መኪና የተሰጠ ፈቃድ ከባድ የጭነት መኪና ለመንዳት አያበቃም።

ድርጅቱስ?

መኪናው በድርጅት ወይም በማኅበር ሥር የሚሠራ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ማጣራት ይቻላል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎቱ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ፈቃድን ለማረጋገጥ ያስችላል። የመኪናው ምዝገባ አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው የሚቀርበው ሰሌዳውን ለሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው።

በአሜሪካ ከክልል ክልል የሚሠራ የጭነት ድርጅት ከፌዴራል መንግሥት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንኛውም ሰው ቁጥሩን በኢንተርኔት አስገብቶ የድርጅቱን የ24 ወራት የፍተሻና የአደጋ መዝገብ ያያል። በአገራችን ደንበኛው ከእጅ ስልኩ እንዲህ ያለ የአደጋ ታሪክ ማየት ስላልለመደ ሰነዱን ራሱ ማገላበጡ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

በሐይቁ ላይ

ጥንቃቄው ከመኪናው በፊት ከጀልባው ይጀምራል። በአገር ውስጥ ውኃ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን የመመዝገብና ብቃታቸውን የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ከመሳፈርና ከመጫን በፊት የጀልባውን የምዝገባ ማስረጃ መጠየቅ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ማየትና ሰውና እህል በአንድነት ከአቅም በላይ አለመጫናቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ማዕበል በተነሳ ጊዜ ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ውኃ ለማስገባት ቅርብ ነው።

በመጨረሻ የጭነት ሰነድ

ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 የአጓጓዡንና የአስጫኙን ኃላፊነት ይደነግጋል። መብቱን ለማስከበር ግን ማስረጃ ያሻል። የጭነቱ ዓይነትና ኩንታል፣ የተጫነበትና የሚራገፍበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ የሰሌዳው ቁጥርና የአሽከርካሪው ስም በወረቀት ሰፍረው ሁለቱም ወገኖች ሊፈርሙና አንድ አንድ ቅጂ ሊይዙ ይገባል። ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱንም በስልክ ፎቶ ማንሳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ሰነዱን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ አጓጓዥ ሲያጋጥም ጭነቱ ገና መሬት ላይ ነው፤ ሌላ መኪና ለመፈለግ ጊዜ አለ።