በሊትዌኒያ ዋጋ ለመጠየቅ ሁለት ቃላት ይበቃሉ፤ መልሱን ለመረዳትስ?

በሊትዌኒያ መዲና ቪልኒየስ፣ በሃሌስ ገበያ አትክልት መግዛት የሚፈልግ የቋንቋው ጀማሪ ሁለት ቃላት ይበቁታል፦ "ኪየክ ካይኑኦያ?"። ትርጉሙ "ስንት ነው ዋጋው?" ነው። አስቀድሞ "ላባ ዲየና" ብሎ ሰላምታ መስጠት ተገቢ ነው።

አስቸጋሪው መልሱን መረዳቱ ነው። በአማርኛ "አንድ ብር"፣ "አስር ብር" ሲባል "ብር" የሚለው ቃል አይለወጥም። በሊትዌኒያኛ ግን አገሪቱ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የምትገበያይበት የዩሮ ስም ከቁጥሩ ጋር መድረሻውን ይቀይራል። ለ1 "ኤውራስ"፣ ከ2 እስከ 9 "ኤውራይ"፣ ከ10 እስከ 20 ደግሞ "ኤውሩ" ይባላል። 21 ላይ ተመልሶ "ኤውራስ" ይሆናል።

ስለዚህ ቁጥሩ በደንብ ያልተሰማው ሰው የቃሉን መድረሻ ቢያደምጥ ዋጋውን በግምት ይደርስበታል። በ2 እና በ12 መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ መለየት ይቻላል።

ዘዴው ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። 12 "ድቪሊካ"፣ 20 ደግሞ "ድቪዴሺምት" ናቸው። አጀማመራቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱንም የሚከተላቸው "ኤውሩ" ነው። ጥርጣሬ ያደረበት ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት "ኡዥራሺኪቴ፣ ፕራሻው" ቢል፣ ማለትም "እባክዎ ይጻፉልኝ" ብሎ ቢጠይቅ፣ 8 ዩሮ ከሚያሳጣ ስህተት ይድናል።