ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ ቁልፍ መግዛት ያስፈልጋልን? የሪሞት ቁልፍ ፊዚክስ

ከጥቂት ወራት በፊት በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ስልክ ደወለልን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «መምህር፣ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ነበረኝ» ሲል ጀመረ። ጥያቄው ግን የፊዚክስ ብቻ አልነበረም። ያገለገለ ቴስላ ሞዴል 3 የኤሌክትሪክ መኪና በብድር ገዝቶ ቀን ቀን ተሳፋሪ ያመላልስበታል፤ ሌሊት ደግሞ በሆስፒታል ተረኛ የሆነችው ባለቤቱ ትነዳዋለች። መኪናው የሚከፈተው በስልክ ነው። አንድ ሌሊት ባለቤቱ ከሥራ ስትወጣ የስልኳ ባትሪ አልቆባት፣ ሰው በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ከአንድ ሰዓት በላይ በብርድ ቆመች። «ሪሞት ቁልፉ ለብቻው ይሸጣል፤ ልግዛው ወይስ ይቅር? ደግሞ ሌቦች ሪሞት ቁልፍን እያታለሉ መኪና ይወስዳሉ ሲባል እሰማለሁ። መኪናው ከሄደ እንጀራችን ሄደ ማለት ነው» አለን።

በስልክ የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ በመምጣታቸው፣ ጥያቄው ለብዙዎች የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሙሉውን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ሦስቱ ቁልፎች

እ.ኤ.አ. በ2017 ለገዢዎች መሰጠት የጀመረው ሞዴል 3 እንደ ቀድሞዎቹ መኪናዎች በቀዳዳ ገብቶ የሚዞር የብረት ቁልፍ የለውም። መኪናው በሦስት መንገዶች ይከፈታል። የመጀመሪያው እንደ ባንክ ካርድ ያለ ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ሲሆን፣ በሾፌሩ በኩል ባለው የበር ምሰሶ ላይ ሲጠጋ በሩን ይከፍታል። ሁለተኛው የባለቤቱ ስማርት ስልክ ነው፤ ስልኩ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ በሚሠራው ብሉቱዝ አማካይነት ከመኪናው ጋር ይነጋገራል። ሦስተኛው ለብቻው የሚሸጠው ሪሞት ቁልፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት የግድ አዝራር መጫንን ይጠይቅ ነበር፤ በ2019 የወጣው ግን በኪስ ውስጥ እንዳለ ባለቤቱ ሲቀርብ በሩ እንዲከፈት ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሌሎች ኩባንያዎች ብዙ ሪሞት ቁልፎች በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርትዝ ሲሠሩ፣ የሞዴል 3 ሪሞት ቁልፍ የሚሠራው እንደ ስልኩ በብሉቱዝ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው አዲስ ዓይነት ጥበቃ ሳይሆን፣ ስልኩ የሚሠራውን ሥራ የሚደግም፣ አዝራር ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው።

የቅርብ መስክና የሩቅ መስክ

ካርዱ ባትሪ የለውም። በውስጡ ያለው ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ኃይል የሚያገኘው መኪናው በ13.56 ሜጋኸርትዝ ከሚፈጥረው ተለዋዋጭ ማግኔታዊ መስክ ነው። ይህም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የፋራዳይ የኢንዳክሽን ሕግ ነው፤ በመኪናው ጥምዝ ሽቦ ውስጥ የሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ ጅረት በካርዱ ጥምዝ ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል።

የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 22 ሜትር ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ካርዱና አንባቢው የሚራራቁት ግን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር በሆነ ርቀት ላይ ያለው ይህ ክልል «የቅርብ መስክ» ይባላል። በቅርብ መስክ ውስጥ ከጥምዝ ሽቦው ስፋት አልፈን ስንርቅ የማግኔታዊው መስክ ጥንካሬ ከርቀቱ ኩብ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል ማለት ነው።

የብሉቱዝ ሞገድ ርዝመት ግን 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩም ሆነ ሪሞት ቁልፉ ከመኪናው ጥቂት ሜትር ርቀው ሲሠሩ «በሩቅ መስክ» ውስጥ ናቸው። በዚያ ክልል መስኩ የሚቀንሰው ከርቀቱ ጋር በቀጥታ ተገላቢጦሽ ነው፤ አሥር እጥፍ ስንርቅ ወደ አንድ አሥረኛ ብቻ ይወርዳል። ሪሞት ቁልፍን ምቹ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ለሌባም የሚመቸው ይኸው ነው። ካርዱን ለማታለል የሚፈልግ ሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ካርዱ መጠጋት ሲኖርበት፣ የብሉቱዝ ቁልፍን ለማታለል የሚፈልግ ሰው ግን ከግድግዳ ወዲያ ሊቆም ይችላል።

ቁልፍ የሚሰረቅባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የቁልፉን ምስጢር ቀድቶ ቅጂ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤልጂየም የሌቨን ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜውን የቴስላ ሞዴል ኤስ ሪሞት ቁልፍ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መቅዳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ምክንያቱም ቁልፉ የተጠቀመበት ምስጢራዊ ቁጥር 40 ቢት ብቻ ነበር። ሁለትን አርባ ጊዜ ስናባዛ 1.1 ትሪሊዮን ያህል እናገኛለን። ቁጥሩ ለሰው ልጅ ብዙ ነው፤ አስቀድሞ የተሰላ ሰንጠረዥ ላዘጋጀ ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ችግር መድኃኒት ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት ሥራውን በእጥፍ ስለሚያበዛው፣ 128 ቢት የሆነ ምስጢርን በሙከራ ብዛት ማግኘት የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ቅብብሎሽ ነው፤ ይህን ሒሳብ ብቻውን አያድነውም። በምሳሌ እንየው። አንድ የግቢ ዘበኛ ባለቤቱን በድምፁ ብቻ ለይቶ በሩን የሚከፍት ነው እንበል። ሁለት ሌቦች ተማክረው አንዱ በሩ ላይ፣ ሌላው ባለቤቱ ካለበት ገበያ ስልክ ይዘው ቆሙ። ዘበኛው «ማነው?» ሲል ጥያቄው በስልክ ገበያ ይደርሳል፤ ባለቤቱም ዘበኛው አጠገቡ ያለ መስሎት «እኔ ነኝ» ይላል። ድምፁ የባለቤቱ ነው፤ ምንም የተሰረቀ ምስጢር የለም። ዘበኛው ግን በሩን የከፈተው ለሌባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከስምንት ኩባንያዎች የተውጣጡ አሥር የመኪና ሞዴሎችን በዚህ መንገድ ከፍተው አስነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ደግሞ ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የደኅንነት ምርምር ድርጅት በሞዴል 3 ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። ስልኩ ከመኪናው 25 ሜትር ያህል ርቆ ቤት ውስጥ እያለ መኪናው ተከፍቶ ተነሣ። ድርጅቱ እንደገለጸው ዘዴው ለስልክም ሆነ ለሪሞት ቁልፍ ያገለግላል።

ጉልበት ይጎላል፣ ጊዜ ግን አይመለስም

ቅብብሎሽ ለምን ይሳካል? ብዙ መኪናዎች የቁልፉን ቅርበት የሚገምቱት ከሚደርሳቸው ሞገድ ጉልበት ስለሆነ ነው። ጉልበትን ግን በማጉያ መሣሪያ ማሳደግ ይቻላል። ሌባው ሊያሸንፈው የማይችለው ነገር የብርሃን ፍጥነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መኪናው ጥያቄ ልኮ መልስ እስኪያገኝ ያለፈውን ጊዜ በትክክል ከለካ፣ ቁልፉ ለማሰብ የወሰደውን ጊዜ ቀንሶ፣ ቀሪውን ለሁለት አካፍሎ ርቀቱን ማወቅ ይችላል። የሚቀባበሉት መሣሪያዎች ጊዜን ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም።

በ2022ቱ ሙከራ የቅብብሎሹ መሣሪያዎች የጨመሩት መዘግየት 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን 2,400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው የአየር ርቀት ጋር ይቀራረባል። መኪናው ይህን ሁሉ መዘግየት በዝምታ አልፎታል፤ ሰዓቱን በዚያ ጥራት አልተመለከተምና።

ናኖ ሰከንድን ለመለካት እጅግ አጭር የሬዲዮ ምት ያስፈልጋል፤ አጭር ምት ደግሞ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል ይፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ስልኮችና መኪናዎች የገባው እጅግ ሰፊ ባንድ የተሰኘው ቴክኖሎጂ የሚሠራው በዚህ መርህ ነው። ሆኖም መሣሪያው መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጎጎባይት የተባለ የቻይና የደኅንነት ድርጅት ይህ መሣሪያ የተገጠመለትን ሞዴል 3 በብሉቱዝ ቅብብሎሽ ከፍቶ አሳይቷል፤ በጊዜው መኪናው የጊዜ መለኪያውን በሩን ለመከልከል ገና አልተጠቀመበትም ነበርና።

የባትሪው ነገር

የተማሪያችን ባለቤት ችግር የባትሪ ማለቅ ነበር። ሪሞት ቁልፉም የሚሠራው በባትሪ ነው። ሲአር 2032 የሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ ስናካፍለው ቁልፉ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ በአማካይ ከ25 ማይክሮ አምፔር በላይ መጠቀም የለበትም። በኪስ ውስጥ ሆኖ ያለማቋረጥ ከመኪናው ጋር የሚፈላለግ ቁልፍ ደግሞ ይህን አነስተኛ ስንቅ ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህም አንዳንድ ኩባንያዎች በሪሞት ቁልፋቸው ውስጥ እንቅስቃሴ ጠቋሚ አስገብተው፣ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እንዲተኛ አድርገዋል፤ የተኛ ቁልፍ ለቅብብሎሽም መልስ አይሰጥም። ከሦስቱ ቁልፎች የባትሪ ጭንቀት የሌለበት ካርዱ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ፦ ታዲያ ይገዛ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ገንዘቡን ከማውጣት በፊት የሚከተሉትን ማድረግ እንደሚገባ እንመክራለን።

1ኛ. ካርዱን ከስልኩ ተለይቶ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ዘወትር መያዝ። የባትሪ ማለቅን ችግር ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚፈታው ይህ ነው።

2ኛ. ከመንዳት በፊት አራት አኃዝ ያለው ምስጢራዊ ቁጥር እንዲጠየቅ በመኪናው ሰሌዳ ላይ ማዘዝ። ቅብብሎሹ በሩን ቢከፍት እንኳ መኪናው አይሄድም። አኃዞቹ ከ10,000 አማራጮች አንዱ ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በአካል ካልነካቸው ሊቀባበሏቸው አይችሉም።

3ኛ. ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በሰሌዳው ላይ የተመዘገቡትን ቁልፎች ዝርዝር ተመልክቶ የማያውቀውን መሰረዝ። የቀድሞው ባለቤት ካርድ ዛሬም ይከፍት ይሆናል።

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ሪሞት ቁልፉ የሚያስፈልገው ስማርት ስልክ ለማይይዝ ወይም ስልኩ ከመኪናው ጋር በሚገባ ለማይግባባ ሾፌር፣ ወይም እጁ በዕቃ ተይዞ የዕቃ መጫኛውን ክዳን በአንድ አዝራር መክፈት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ገንዘቡ አልባከነም። ደኅንነት ፈልጎ የሚገዛው ግን ፈላጊውን ነገር አያገኝም፤ የሬዲዮ በር በአንድ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ተማሪያችንን ከመኪናው ጋር የተሰጡት ሁለት ካርዶች የት እንዳሉ ጠይቀነው ነበር። «ከመኪናው ሰነዶች ጋር መሳቢያ ውስጥ» አለን። ከሳምንት በኋላ መልሶ ደወለ። አንዱ ካርድ ባለቤቱ ከምታንጠለጥለው የሆስፒታሉ መታወቂያ ጀርባ ገብቷል፤ ምስጢራዊ ቁጥሩ ተሞልቷል፤ በዝርዝሩ ውስጥም እሱ የማያውቀው አንድ ስልክ ተመዝግቦ አግኝቶ ሰርዞታል። ሪሞት ቁልፉን አልገዛውም።